ጉንፋን ይዞ በፓራሹት መዝለል፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው አሜሪካ ነው። ላለፉት 11 ዓመታት በትርፍ ጊዜዬ በፓራሹት ስዘል ቆይቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ደግሞ ጀማሪዎችን በማሠልጠን አሳልፌአለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ጉንፋን ይዞኝ በመዝለሌ አንድ ጆሮዬ ለአምስት ሳምንታት ተደፍኖ ስለከረመ፣ ነገሩን ሐኪሞችን እየጠየቅሁም እያነበብሁም ለማወቅ ተገድጃለሁ። በዚህ ጉዳይ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የምሠራው ዱባይ ነው። በመጪው ዓርብ ከአሠልጣኝ ጋር ታስሬ ለመዝለል ቀጠሮ ይዤ ሙሉ ገንዘቡን ከፍያለሁ። ከሦስት ቀን ወዲህ ግን ጉንፋን ይዞኛል። ትኩሳት የለኝም፤ አፍንጫዬ ብቻ ነው የተደፈነው። ለዚህች ብዬ ልቅር?

መልስ፦ አዎን፣ ቀጠሮውን ያስተላልፉት። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አየር የሞላበት ትንሽ ክፍተት አለ። ይህ ክፍተት ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው ኤውስታኪየን በሚባል፣ ከአፍንጫ ጀርባ ጉሮሮ አካባቢ በሚከፈት ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ይኖርና ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ለቅጽበት ተከፍቶ የውስጡን ግፊት ከውጭው ጋር ያስተካክላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ይህንን በራሱ ላይ አይቶታል፤ ጆሮ ድፍን ይላል፣ ምራቅ ዋጥ ሲያደርጉ ይከፈታል፣ ከጥቂት ጥምዝ በኋላ እንደገና ይደፈናል። አውቶቡሱ ግን ያንን ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት የሚጨርሰው እያዘገመ ነው።

እርስዎ ሊሳፈሩበት ያሰቡት አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ ወደ 4000 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ፓራሹቱ የሚከፈተው ደግሞ 1500 ሜትር አካባቢ ነው። በመካከል ያለውን 2500 ሜትር የሚወርዱት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። የአየሩ ግፊት 4000 ሜትር ላይ 462 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ሲሆን፣ 1500 ሜትር ላይ 634 ይደርሳል፤ ባሕር ዳርቻው ላይ ደግሞ 760 ነው። በጆሮ ውስጥና በውጭው መካከል ያለው ልዩነት 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ካለፈ፣ የቱቦው አፍ በግፊቱ ተጣብቆ ስለሚቀር ቢውጡም ቢያዛጉም በጡንቻ ኃይል ብቻ አይከፈትም። ጤነኛ ሰው ሳይታወቀው ሁለት ሦስት ጊዜ ውጦ ያልፈዋል። ጉንፋን የቱቦውን ግድግዳ ያሳበጠበት ሰው ግን ፓራሹቱ ሳይከፈት በፊት ይህንን መስመር ተሻግሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ደም ይቋጥራል፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ፈሳሽ ይሞላዋል፤ ሲብስም ታምቡሩ ይቀደዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰዎች ሲሰሙት ይስቃሉ፣ እኔ ግን አልስቅም። በታንደም፣ ማለትም ከአሠልጣኝ ጋር ታስሮ በሚዘለል ዝላይ የእርስዎ ራስ ያለው ከአሠልጣኙ አገጭ በታች ነው። በዚያ ፍጥነት ከአፍንጫዎ የሚወጣው ሁሉ ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ እርሱ ፊት ነው የሚሄደው። ጉንፋኑ የተጋባበት አሠልጣኝም ሳምንት ሙሉ ሥራ ሊፈታ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት አፍንጫዬ ተደፍኖ አውሮፕላኑ ሲወጣ ምንም አልተሰማኝም፤ መውረድ ከጀመርን በኋላ ግን ጆሮዬን ክፉኛ አመመኝ። ስንወጣ ደኅና ከሆንሁ ስንወርድ ለምን?

መልስ፦ ቱቦው ወደ አንድ በኩል እንደሚከፈት በር ነው። ሽቅብ ስንወጣ የጆሮው አየር እየሰፋ ስለሚሄድ ራሱ ገፍቶ ይወጣል፤ ያበጠ ቱቦም ቢሆን ብዙ ጊዜ አያግደውም። ቁልቁል ስንወርድ ግን አየር እንዲገባ በሩን ከውስጥ የሚገፋ ነገር ስለሌለ በጡንቻ መክፈት ይኖርብናል። ስለዚህ «እስከ ላይ ድረስ ምንም አላመመኝም፣ እዘላለሁ» የሚለው ምክንያት ዋጋ የለውም። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሰውየው የሚያውቀው ቀላሉን ግማሽ ብቻ ነው።

በተቃራኒው አውሮፕላኑ ገና ሲወጣ ጆሮዎን ወይም ግንባርዎን ካመመዎ፣ ያኔውኑ ለአሠልጣኙ ነግረው ከአውሮፕላኑ ጋር ይመለሱ። አውሮፕላን ሲወርድ አብራሪው ፍጥነቱን ሊቀንስልዎ ይችላል። ከበሩ ከወጡ በኋላ ግን ቆይ ብሎ ማቆም አይቻልም።

ጥያቄ፦ አፍንጫ የሚከፍት ስፕሬይ ነፍቼ ብዘልስ?

መልስ፦ እኔን የጎዳኝ ይኸው ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚሠራ ስፕሬይ ነፍቼ ዘለልሁ፤ ምንም አልሆንሁም። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በዚህ ልቤ ሞልቶ ከሰዓት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ተሳፈርሁ። መድኃኒቱ ጉልበቱን ጨርሶ ኖሮ፣ ከበሩ በወጣሁ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ግራ ጆሮዬን በወስፌ የተወጋሁ ያህል ተሰማኝ። ፓራሹቱ ሲከፈት ሁልጊዜ የምሰማውን የጨርቁን መንኮሻኮሽ በቀኝ ጆሮዬ ብቻ ነበር የሰማሁት። መሬት ላይ የራስ ቁሬን ሳወልቅ የማሰሪያው ጠርዝ ደም ነክቶት አገኘሁት። ታምቡሬ ተቀድዶ ነበር።

እንግዲህ የስፕሬይ ችግሩ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ የአፍንጫን ውስጥ በሚገባ ሲከፍት ቱቦውን ግን በከፊል ብቻ ሊያቀልለው ስለሚችል፣ መተንፈስ የቻለ ሰው የዳነ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ነፋስ ወይም ደመና በረራውን ሲያዘገየው የመድኃኒቱን ማለቂያ ቆጥሮ መገመት አይቻልም። በዚያ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ በተከታታይ ከተነፋ አፍንጫው መልሶ ይብስበታል። አፍንጫ ለመክፈት በአፍ የሚወሰደው ፕሱዶኤፌድሪን የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ልብን ያስመታል፤ የመጀመሪያ ዝላይ ላይ ያለ ሰው ልቡ ለመምታት እርዳታ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

እንደ ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን ያሉት የጉንፋን መድኃኒቶች እንቅልፍ ያመጣሉ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አብራሪዎችን የሚመክረው፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ቢያንስ በሁለት መጠኖች መካከል ያለውን ጊዜ አምስት እጥፍ እንዲጠብቁ ነው። በየ6 ሰዓቱ የሚወሰድ ከሆነ 30 ሰዓት ማለት ነው። ፓራሹቱን ራሱ የሚመራ ዘላይም ከአብራሪ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ በባሕር ዛፍ ታጥኜ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጠጥቼ ላልበኝስ?

መልስ፦ ይጠጡ፣ ይታጠኑም፤ እኔም አደርገዋለሁ። ለዝላይ ግን አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ አጎቴ የአየር ወለድ ወታደር ነበሩ። «እኛ ጉንፋን ቢይዘን ማን ይጠይቀን ነበር፣ እንዘላለን እንጂ» ይሉኛል። እውነት ከሆነ እናንተ ታካብዳላችሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አጎትዎ የነገሩዎትን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የእርሳቸው ዝላይና የእኛ ዝላይ በከፍታ አይገናኙም። በአየር ወለድ የተለመደው ዝላይ ፓራሹቱ ከአውሮፕላኑ ጋር በታሰረ ገመድ ተስቦ ወዲያው የሚከፈትበት ሲሆን፣ ከፍታውም ከመሬት ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ነው። ከ400 ሜትር ላይ የሚዘል ሰው የሚገጥመው የግፊት ለውጥ 35 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ ቀደም ሲል ከጠቀስሁት 90 በእጅጉ ያንሳል። የወረደውም ፓራሹቱ ተዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ ነው። ጀግንነታቸው እንዳለ ሆኖ፣ ጆሯቸውን ያዳነው የከፍታው ማነስ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ 60 ዝላዮች አሉኝ፣ ፈቃድም አለኝ። ጆሮዬ አስቸግሮኝ አያውቅም፤ ሳይነስ ግን አለብኝ። ለእኔም ያው ነው?

መልስ፦ ሳይነስ የምንለው በፊት አጥንቶች ውስጥ ያሉትን ክፍተቶች ነው፤ እነርሱም ወደ አፍንጫ የሚከፈቱባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች አሏቸው። ጆሮ ቢያንስ በመዋጥ ይከፈታል፤ እነዚህ ግን የሚከፍታቸው ጡንቻ የላቸውም። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቃው ከቅንድብ በላይ ያለው የግንባሩ ክፍተት ነው። ሕመሙ ድንገተኛና ስለታም ከመሆኑ የተነሣ ዓይን ያስጨፍናል፤ አንዳንዴም አፍንጫ ያደማል።

ከሕመሙ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንደኛው ጆሮ ተከፍቶ ሌላው ተዘግቶ ሲቀር፣ አንጎል ከሁለቱ የተለያየ መልእክት ስለሚደርሰው ሰውየው የማይዞረውን እየዞረ ይመስለዋል። ይህ ማዞር መቶ ሜትር ላይ፣ ለማረፍ የመጨረሻውን ዙር በሚያዞሩበት ሰዓት ቢመጣስ? ከፍታን በድምፅ የሚያስታውቀውን መሣሪያ የሚሰሙትም፣ ተማሪዎች በራዲዮ የሚሰጣቸውን መመሪያ የሚቀበሉትም በዚሁ በተደፈነው ጆሮ ነው። አንድ ተማሪዬ ጉንፋኑን ደብቆኝ ዘልሎ፣ «ወደ ግራ» እያልሁ በራዲዮ ስጮኽ ከማረፊያው አልፎ የአጥር ሽቦ አጠገብ ወርዷል። ሲመጣ የነገረኝ ከሩቅ እንደሚያወራ ሰው እንደሰማኝና ቃሉን እንዳልለየው ነበር።

ጥያቄ፦ በአየር ላይ እያለሁ ጆሮዬ ቢደፈን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ገና በነፃ ውድቀት ላይ፣ ማለትም ፓራሹቱ ሳይከፈት እየወረዱ ካሉ ይዋጡ፣ አገጭዎን ያንቀሳቅሱ፣ ከቻሉም ይጩኹ። አፍንጫ ለመያዝ እጅን ከቦታው ማንሣት ሚዛን ስለሚያሳጣ እርሱን ለፓራሹቱ ጊዜ ይተዉት። ፓራሹቱ ተከፍቶ ደኅና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ አፍንጫዎን ይዘው፣ አፍዎን ዘግተው በቀስታ ይንፉ። ይህ ዘዴ የሚጠራው ከ1666 እስከ 1723 በኖረው ኢጣሊያዊው የአካል ሊቅ በቫልሳልቫ ስም ነው። «በቀስታ» ያልሁትን ልድገመው፤ በኃይል ሲነፋ ግፊቱ እስከ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቆ በዚያ ያለውን ስስ ሽፋን ሊቀድድና የመስማት ችሎታን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ካልከፈተልዎ አፍንጫዎን እንደያዙ ይዋጡ። በተረፈ ፓራሹቱን በጠባቡ አያሽከርክሩ፤ ሽክርክሪት አወራረዱን ያፋጥነዋል።

ጥያቄ፦ ከጉንፋኑ ስንት ቀን በኋላ ልዝለል?

መልስ፦ ቀን ቆጥሬ አልሰጥም፤ ጉንፋኑ ካለቀ በኋላም ቱቦው ለቀናት አብጦ ሊቆይ ይችላል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ ምንም መድኃኒት ሳልወስድ በጠዋት አፍንጫዬን ይዤ በቀስታ እነፋለሁ። ሁለቱም ጆሮዎች በእኩል፣ ያለ ትግል ከተከፈቱ እዘላለሁ፤ አንዱ ካንገራገረ ወደ ዝላይ ሜዳው አልሄድም። ትኩሳት ካለ ግን ሙከራውም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ምክሩ ዘገየብኝ፤ ባለፈው ሳምንት ዱባይ ላይ ዘልዬ ቀኝ ጆሮዬ እስካሁን እንደተደፈነ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለእረፍት አዲስ አበባ እሄዳለሁ። መብረር እችላለሁ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የጆሮ ሐኪም ታምቡሩን ይይልዎ። ማዞር፣ የማያቋርጥ ጩኸት ወይም ግልጽ የሆነ የመስማት መቀነስ ካለ ግን ዛሬውኑ ይሂዱ፤ የውስጠኛው ጆሮ ጉዳት ቀን አይሰጥም። ተራ መደፈን ከሆነ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይለቃል፤ የተቀደደ ታምቡርም ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል፣ እስከዚያ ግን ውኃ አያስገቡበት።

ጉዞውን በተመለከተ፣ የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ብዙውን ጊዜ 2400 ሜትር ላይ ካለው አያንስም፤ ቦሌ ደግሞ ራሱ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲያርፉ ጆሮው የሚገጥመው ለውጥ ትንሽ ነው። የሚያስቸግረው ከእረፍት ሲመለሱ፣ ከቦሌ ተነሥተው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ባለችው ዱባይ ሲያርፉ ነው፤ ሐኪሙን ሲያነጋግሩ የመመለሻዎን ቀን አብረው ይንገሩት።