400 ሺህ ብር እና የአምስት ዓመት ፊርማ

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤሽን ከነውሉ ቅጂ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ እስክሪብቶ ይዤ ነበር። የ21 ዓመት ወጣት ነሽ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግና ፋይናንስ ትማሪያለሽ፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይቀርሻል። ግጥሙንና ዜማውን ራስሽ ሠርተሽ ባለፈው ክረምት በዩቲዩብ የለቀቅሽውን ነጠላ ዜማ ሰው ወዶልሻል። ይህን የሰማ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ 400,000 ብር ከፍሎ ሙሉ አልበም ሊያሠራሽ ይፈልጋል። በምላሹ ትምህርትሽን አቋርጠሽ አዲስ አበባ እንድትገቢ፣ ለአምስት ዓመት ያለ እርሱ ፈቃድ በየትኛውም መድረክ እንዳትዘፍኚ፣ የዘፈኖቹም መብት «ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው» የእርሱ እንዲሆን ጠይቋል። አባትሽ «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም» ብለዋል። ሪያድ ሆኖ በየወሩ 7,000 ብር የሚልክልሽ ታላቅ ወንድምሽ ገና አልሰማም፤ ለመፈረም ያቻኮለሽም የእርሱን ሸክም ለማቅለል ያለሽ ጉጉት ነው። የጠየቅሽኝ አባትሽን የምታሳምኚበትን መንገድ ነው፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባትንና ዱባይ ሄዶ መዝፈንንም በዚያው አንሥተሻል።

አባትሽን ለማሳመን ከመነሣትሽ በፊት ግን ውሉ ራሱ የሚፈረም መሆኑን ማየት አለብሽ። በእኔ እምነት አይፈረምም።

በመጀመሪያ 400,000 ብሩን ለ60 ወራት አካፍዪው። በወር 6,667 ብር ገደማ ይመጣል፤ ወንድምሽ አሁን ከሚልክልሽ ያንሳል፤ ያውም የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሳይነሣበት ነው። የቅንብሩን፣ የስቱዲዮውን፣ የሚክሲንግና የማስተሪንጉን፣ የክሊፑንም ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ በውሉ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። እንዲህ ያለ ያልተጻፈ ወጪ ከድምፃዊው ድርሻ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዘፈኖቹ የሚጫኑትም በአሳታሚው ቻናል ላይ ነው፤ የዩቲዩብ ገንዘብ የሚገባው ለቻናሉ ባለቤት ስለሆነ፣ ስምሽ ከርዕሱ ላይ በትልቁ ቢጻፍም ከአሜሪካና ከአውሮፓ ተመልካቾች የሚመጣውን የተሻለ የማስታወቂያ ገቢ ጨምሮ ሁሉም በእርሱ እጅ ይገባል።

ከብሩ በላይ ያሳሰበኝ «ለዘለቄታው» የሚለው ቃል ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የከዋኙ፣ ማለትም የዘፋኙ መብት ደግሞ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ብዙዎቹ ድምፃውያን ግጥሙን ከአንዱ፣ ዜማውን ከሌላው ስለሚገዙ በእጃቸው የሚኖረው የከዋኝነቱ መብት ብቻ ነው። አንቺ ግን ጽፈሽ፣ ዜማ አውጥተሽ የምትዘፍኚ በመሆንሽ ሁለቱም መብቶች የአንቺ ናቸው። ዛሬ የምትዘፍኚው ዘፈን የሰባ ዓመት አሮጊት እስክትሆኚ፣ ግጥምና ዜማው ደግሞ ልጆችሽን አልፎ ለልጅ ልጆችሽ እንኳ ገቢ ሊያስገኝ ይችላል። አሳታሚው ይህን ሁሉ በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ከአንቺ እየገዛ ነው፤ መብቶቹ በውሉ ላይ ተለያይተው እንኳ አልተጠቀሱም።

እኔ በ1990ዎቹ ኪቦርድ ተጫዋች ነበርኩ፤ ለዘጠኝ ዓመት በሌሊት ክበቦችና በየሰርጉ ተጫውቻለሁ። ለአንድ አልበም አምስት ዘፈኖች አቀናብሬ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ፤ የተከፈለኝ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ነበር። ከዘፈኖቹ አንዱን እስከ ዛሬ ሰርግ ቤት እሰማዋለሁ። ያን ወረቀት ሳላነበው አልፈረምኩትም፤ አንብቤው፣ መጥፎነቱም ገብቶኝ ነው የፈረምኩት። የጥር ሰርግ አልቆ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ ክበቡ ጭር ብሏል፤ ሰርግ እስከ ፋሲካ ማግስት የለም፤ አከራዬም በር ላይ ቆመዋል። በዚህ ሙያ ያለ ሰው 55ቱን የጾም ቀናት በምን እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ ካላወቀ፣ በዚያ ወቅት የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ ይፈርማል። በማታ ተምሬ የወር ደመወዝ ካገኘሁ በኋላ ነበር የቀረበልኝን ውል «ይህ አንቀጽ ካልተሻሻለ አልፈርምም» ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመለስኩት።

ስለዚህ ትምህርትሽን ጨርሺ የምልሽ ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም ብዬ አይደለም። የምትወጃቸውን የቀድሞ ድምፃውያን ሕይወት ተመልከቺ። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ፣ ኋላም ወደ ብሔራዊ ቴአትር ሲሄዱ በየደረሱበት የተቋም ባልደረባ ነበሩ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ድምፃውያንና ተጫዋቾች ደመወዝተኞች ነበሩ። ማሕሙድ አሕመድ በአሪዞና ክበብ በተላላኪነትና በልዩ ልዩ የጉልበት ሥራ ላይ ሳሉ ነው መድረኩን ያገኙት፤ ስማቸው ከገነነ በኋላም በደርግ ዘመን ፒያሳ ላይ የሙዚቃ መደብር ከፍተው እየነገዱ ይዘፍኑ ነበር። የወታደር ቤቱ ደንብ አሳሪ እንደነበር አውቃለሁ፤ ያን ሥርዓት እንድንናፍቀው አልልም። ነገር ግን ወርቃማ የምንለውን ዘመን የሠሩት ሰዎች በወሩ መጨረሻ የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው። ለአንቺ ትውልድ የፖፕ ድምፃውያን ያን የሚተካ ተቋም ስለሌለ ራስሽ ልታበጂው ይገባል፤ ከሁሉም የሚቀርብሽም የጀመርሽው ዲግሪ ነው። ባንክ ወይም አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ሆነሽ ቅዳሜና እሑድ ልትዘፍኚ ትችያለሽ፤ በዓመት ሁለትና ሦስት ነጠላ ዜማ በራስሽ ቻናል ልትለቂ ትችያለሽ። መንገዱ ከአልበሙ ይልቅ ይዘገያል፤ በዚህ መካከል አድማጭ ሊረሳሽ እንደሚችልም አልደብቅሽም። ያም ሆኖ ይህን መንገድ እመርጥልሻለሁ።

አባትሽ በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛውን ነገር ከልክለውሻል። አዝማሪ የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው፤ ሰርጉንና ክርስትናውን በአዝማሪ ያደመቀ ሰው፣ ነገሩ በገዛ ልጁ ሲመጣ ቃሉን ስድብ ማድረጉ ተገቢ አይደለም፤ አባትሽንም በዚህ አልደግፋቸውም። ልታስለውጪያቸው ግን አትጨቃጨቂ፤ ውሉን አንብቢላቸውና ስለ ብሩና ስለ ዓመቱ ተነጋገሩ፤ ቃሉን ሌላ ጊዜ ታነሺዋለሽ። የወንድምሽን ሸክም በሚመለከት ደግሞ፣ የአልበም ብር ገብቷል በተባለ ማግስት ጣሪያ የሚያስጠግነውም፣ ልጁን የሚድረውም ዘመድ ወደ አንቺ እንደሚመጣ እወቂ። ከዚያ ተርፎ ለወንድምሽ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። አካውንታንት ሆነሽ በደመወዝሽ ራስሽን ስትችዪ ግን በየወሩ 7,000 ብር ይቀርለታል።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተግባር ፈተና ወስዶ የሚቀበል ጥሩ ቤት ነው፤ ከምረቃ በኋላ አስቢበት፤ አሁን ሌላ ዲግሪ መጀመሪያ ጊዜው አይደለም። ወደ ዱባይ ግን በጎብኚ ቪዛ ሄደሽ የምትዘፍኚ ከሆነ ቅሪ፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ክፍያ መቀበል በዚያ አገር ሕግ ያስጠይቃል።

ለአሳታሚው በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ መልሺለት። አልበሙ ከምረቃሽ በኋላ ይጀመር፤ መብቱ ለዘለቄታው መሆኑ ቀርቶ ለተወሰኑ ዓመታት ይሰጥ፤ የግጥምና የዜማ መብትሽ ለብቻው ይጠቀስ፤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይጻፍ፤ በሰርግና በግቢ ዝግጅቶች ላይ ለመዝፈን ፈቃድ አያስፈልግሽ። ከመላክሽ በፊት እዚያው ዩኒቨርሲቲሽ ካሉት የሕግ መምህራን ለአንዱ አሳዪው። ድምፅሽን በእውነት የሚፈልግ አሳታሚ ስለ እነዚህ ነጥቦች ቁጭ ብሎ ይነጋገራል፤ «ዛሬ ካልፈረምሽ ቀረ» ካለሽ ደግሞ ይቅር።

ከዚያ በፊት ግን ለወንድምሽ ደውዪለት። ትምህርትሽን የሚያስተምርሽ እርሱ ሆኖ ሳለ ልታቋርጪው ማሰብሽን ከሰው መስማት የለበትም። ውሉን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው አንብቢለት፤ 6,667 ብሩንም ንገሪው።