ስለ ነጻ ጥብቅና የሚሰብኩት ጠበቃ ጉዳዬን አልያዙልኝም

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ 9 ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ከሁለት ወር በፊት ያለ ማስጠንቀቂያ አሰናበቱኝ። ስለ ነጻ የሕግ አገልግሎት በየስብሰባው ሲናገሩ የሰማኋቸው አንድ ታዋቂ ጠበቃ ቢሮ ብሄድ፣ ጸሐፊያቸው «ቅድሚያ 15,000 ብር ካልከፈልሽ ፋይል አንከፍትም» አለችኝ። ጠበቃ በነጻ የማገልገል ግዴታ የለበትም? ቅሬታ ላቀርብባቸው እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጠበቃው በፊት ስለ ቀኑ ልንገርዎት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ ከስንብቱ ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። የቀረዎት አንድ ወር ገደማ ነው። ከስንብቱ ለሚመነጩ ክፍያዎች ደግሞ 6 ወር አለዎት። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልበትም፤ ያለ ጠበቃም ራስዎ መክሰስ ይችላሉ። ጠበቃ ፍለጋ ላይ እያሉ ቀኑ እንዳያልፍብዎት አደራ።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ ግዴታው አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57፣ ማንኛውም ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። ይሁን እንጂ የትኛውን ጉዳይ እንደሚይዝ የሚመርጠው በአብዛኛው ጠበቃው ነው። የእርስዎን አልያዝኩም ስላሉ ብቻ የሚቀርብ የዲሲፕሊን አቤቱታ ውጤት ያመጣል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ደንቡ 50 ሰዓቱን መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ብቻ አላዋለውም፤ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ሕጉንና የፍትሕ ሥርዓቱን ለማሻሻል ለሚሠሩ ኮሚቴዎችም የሚሰጥ አገልግሎት ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ የሙያ መሪ ዓመቱን ሙሉ በኮሚቴ ተሰብስቦ፣ የአንድ ድሃ መዝገብ ሳይዝ፣ ግዴታዬን ተወጥቻለሁ ማለት ይችላል። ሕግ አልጣሰም። የኮሚቴ ሥራም ጥቅም አለው፤ ረቂቅ ሕግ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን ወጣት ጠበቆችን «ድሃን አገልግሉ» የሚል ሰው ችሎት ደጅ ላይ ከባለጉዳይ ጋር ተራ ሲጠብቅ ካልታየ፣ ማን ይሰማዋል? እኔም በዚህ ዓምድ ስለ ነጻ አገልግሎት ስለምጽፍ ተጠያቂ ነኝ፦ ዘንድሮ በነጻ የያዝኳቸው መዝገቦች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ የቀለብ፣ አንዱ እንደ እርስዎ የስንብት። እኚያን ጠበቃም ራሳቸውን አግኝተው «የዘንድሮውን 50 ሰዓት ለማን ሰጡ?» ብለው በአክብሮት ቢጠይቁ ነውር የለበትም። ምናልባት ጸሐፊያቸው ያለችዎትን አልሰሙ ይሆናል።

እስከዚያው ግን ወደ ኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ወይም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ይሂዱ። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች በዋናነት የሚቆሙት በወንጀል ለተከሰሱ ስለሆነ፣ እዚያ ቀን አያጥፉ። የሥራ ውልዎን፣ የደመወዝ ማስረጃና የስንብት ደብዳቤውን ይያዙ። ደብዳቤ ካልሰጡዎት፣ ሲያሰናብቱዎት የነበሩ ሁለት ባልደረቦችዎን ለምስክርነት ከአሁኑ ያነጋግሩ።