የወጣው ሠራተኛ በማን ፓስወርድ ገባ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ መካከለኛ ክሊኒክ አለኝ። ባለፈው ወር ሥራ የለቀቀ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ቀሪ ደመወዙን ሊቀበል መጥቶ ኮምፒውተራችንን ከፍቶ የአንዲት ታካሚን የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ለዘመዷ በቴሌግራም ልኳል። ሁላችንም የምንሠራው በአንድ ፓስወርድ ነው። እንዴት ልክሰሰው? ሽማግሌ ልላክበት?

መልስ፦ ያለፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ለፖሊስ ያመልክቱ።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጻፉት ነው። ታካሚዋ ታውቃለች? ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንስ አሳወቁ? የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ አለው፤ እንዲህ ሲያመልጥም ለባለሥልጣኑ የማሳወቂያው ጊዜ 72 ሰዓት ነው። እርስዎ ተበዳይ ነኝ ይላሉ፤ እሷ ግን ምስጢሯን የሰጠችው ለክሊኒክዎ ነው። ይቆጡኝ እንጂ አልደብቅዎትም፤ እርስዎም ሊጠየቁ ይችላሉ።

አሁን ወደ ፓስወርዱ። ክሊኒኩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ፣ ላብራቶሪውና ካርድ ክፍሉ በአንድ ስም ከገቡ ኮምፒውተሩ ማን እንደከፈተው ለይቶ አይመዘግብም። የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ «በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ ማን ነበር?» ይላል። ቀጥሎ «ደንበኛዬ ሲለቅ ፓስወርዱ ተቀይሯል?» ብሎ ይጠይቃል። ካልተቀየረ «ፈቃዴን ማንም አላነሳብኝም» የሚል መከራከሪያ ሰጥተውታል። ሠራተኛው ሲለቅ ከየክፍሉ ዕዳ እንደሌለበት በሚያስፈርምበት ወረቀት፣ በክሊራንሱ ላይ፣ የንብረት ክፍልና የሒሳብ ክፍል ፊርማ ይኖራል፤ የኮምፒውተር መግቢያው ስለመዘጋቱ የፈረመ ግን አለ? ደግሞስ የካርድ ክፍል ሠራተኛ የላብራቶሪ ውጤት እንዲያይ ለምን ተፈቀደለት? ዛሬውኑ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ ያውጡ፤ የሥራ ድርሻው የሚፈቅድለትን ብቻ ይክፈቱለት፤ የሚለቅ ሰው መግቢያ በለቀቀበት ቀን ይዘጋ።

እሱ የከፈተውን ኮምፒውተር ግን አይንኩት። ባለሙያ ጠርተው ፎርማት ካስደረጉት ማስረጃዎን በገዛ እጅዎ አጠፉ ማለት ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሥሩ። ዘመዷም መልእክቱን እንዳታጠፋው ይጠይቋት፤ እርስዎ ግን የመልእክቱን ስክሪንሾት ለማንም አያስተላልፉ።

ሽማግሌ አይላኩ። አገራችን በሽምግልና ብዙ ጠብ አብርዷል፤ ይህን ጉዳይ ግን ለሦስት ሽማግሌ ማስረዳት የሴትዮዋን ምስጢር ለሦስት ተጨማሪ ሰው መንገር ነው። የቅጥር ውሉን፣ የመልቀቂያ ደብዳቤውን፣ ክሊራንሱንና ቀሪ ደመወዙን የፈረመበትን ወረቀት ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ያነጋግሩ፤ ለታካሚዋ ምን ብለው እንደሚነግሯትም እዚያው ይማከሩ። ከዚያ በፊት ለሠራተኛው ስልክ አይደውሉ።