ስዊዝ መጥታችሁ ኳስ መጫወት ለምትፈልጉ ልጆች

ሰላም ልጆች፣ አብዛኞቻችሁ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው፣ «ጋሼ የት ክለብ ብገባ ነው ሰው የሚያየኝ» ትላላችሁ። እኔ በሙያዬ ነርስ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ዙሪክ አካባቢ በታችኞቹ ሊጎች አጫውታለሁ፣ ፊሽካ ይዤ ብዙ ሲዝን አሳልፌያለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደረጃውን እወቁት። ከላይ ሱፐር ሊግ አለ 12 ክለብ፣ ከስሩ ቻሌንጅ ሊግ 10 ክለብ፣ ከዛ ፕሮሞሽን ሊግ፣ ከዛ አንደኛ ሊግ፣ ከዛ ኢንተርሬጂዮናል የሚሉት ሁለተኛ ሊግ፣ ከሱ በታች ያለው በሙሉ በ13 የክልል ፌዴሬሽኖች ስር ነው፣ እስከ አምስተኛ ሊግ ይወርዳል። እናንተን በቀላሉ የሚቀበላችሁ አራተኛና አምስተኛው ነው። እዛ ደሞዝ የሚባል ነገር የለም፣ እንደውም የአመት መዋጮ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ይሄን ስነግራቸው የሚከፋቸው ልጆች አሉ።

በስዊዝ ብሔራዊ ቡድን ስማቸው የገነነው አካንጂ የዊዘንዳንገን፣ ሻኪሪ የአውግስት ሰፈር ክለብ ልጆች ነበሩ፣ እውነት ነው። ግን እነሱ በህጻንነታቸው ነው የጀመሩት፣ ትልቅ ክለብም በጊዜ ወስዷቸዋል። በ20 እና በ22 አመቱ መጥቶ አምስተኛ ሊግ ላይ ስካውት ሲጠብቅ ሲዝኑ የሚያልቅበትን ልጅ ሳይ በጣም ነው የማዝነው፣ ምክንያቱም አጠገቡ ያሉትን ሰዎች አያያቸውም። በረኛው የኤሌክትሪክ ሰራተኛ ነው፣ አሰልጣኙ አናጺ ነው፣ የክለቡ ፕሬዝዳንት ማዘጋጃ ቤት ይሰራል፣ ሌረ የሚሉትን የሙያ ትምህርት ለመግባት ቀጣሪ እየፈለጋችሁ ስንት ማመልከቻ ትጽፋላችሁ፣ ቀጣሪው እኮ አብሯችሁ ሻወር እየወሰደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጨዋታ ሲያልቅ ቦርሳ አንጠልጥላችሁ ወደ ባቡር አትሩጡ፣ ክለብ ቤቱ ውስጥ ቁጭ በሉ፣ ቋንቋው ባይገባችሁም ቁጭ በሉ፣ ቋሊማ የመጥበስ ተራ ሲደርሳችሁም ሳትጠሩ ሂዱ። ክለቡ የሚኖረው በመዋጮና በነጻ ጉልበት ነው፣ በጋ ላይ የሚያዘጋጁት የሰፈር ውድድር የአመቱን ወጪ ይደጉማል፣ እዛ ቀን ማን መጥቶ ጠረጴዛ እንደተሸከመ ሁሉም ያስታውሳል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፣ ካርድ። እዚህ በክልል ሊጎች ሁለት ክለብ እኩል ነጥብ ከያዙ መጀመሪያ የሚታየው የጎል ልዩነት አይደለም፣ የቅጣት ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ቢጫና ቀይ ካርድ በቅጣት ነጥብ ይመዘገባል፣ ሰንጠረዡ ላይ ከክለቡ ስም ጎን በግልጽ ይታያል፣ ያነሰ ያለው ከላይ ይቀመጣል። እንግዲህ አስቡት፣ 80ኛው ደቂቃ ላይ 4 ለ 0 እየመራችሁ ነው፣ እኔ ፊሽካ ነፍቻለሁ፣ አንዱ ተናዶ ኳሷን ወደ አጥር ይጠልዛታል። ቢጫ አወጣለሁ፣ ሌላ ምርጫ የለኝም። ልጁ ይስቃል፣ ውጤቱ አልቋል ብሎ ነዋ። ሲዝኑ ሲያልቅ ጁን ላይ ግን ያቺ ካርድ ክለቡን ከማደግ ልታስቀረው ትችላለች፣ ክረምቱን ሙሉ ብርድ ላይ የሰለጠኑ 20 ልጆች በሱ ብስጭት ይቀራሉ። እኔ ይሄ ህግ ትክክል ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ሌላም አገር ቢኖር ደስ ይለኛል።

ዳኛውንም እዘኑለት። በታችኛው ሊግ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነኝ፣ የሰለጠነ የመስመር ዳኛ የለም፣ ኦፍሳይዱን 40 ሜትር ርቄ ነው የማየው። ክለቦች እንደ ቡድናቸው ብዛት ዳኛ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ ሰው ግን አይገኝም፣ ዋናው ምክንያት ስድብ ነው። ከናንተ መሀል ጉልበቱን የተጎዳ ወይ ተቀያሪ ወንበር የሰለቸው ካለ የዳኝነት ኮርሱን ይውሰድ፣ ክለቡ እጁን ስሞ ነው የሚልከው።

ሲዝኑ ኦገስት ላይ ይጀምራል፣ ኖቬምበር ላይ ቆሞ ማርች አካባቢ ይቀጥላል፣ ጁን ላይ ያልቃል። ብዙ ልጅ የሚጠፋው በመሀሉ ባለው ክረምት ነው። ዝናብ ሲበዛ ሜዳው ይዘጋል፣ የሜዳ ጠባቂው «ተዘግቷል» ብሎ ታፔላ ከሰቀለ አሰልጣኙም ፕሬዝዳንቱም ሊያስከፍቱት አይችሉም፣ ጫካ ውስጥ በጨለማ መሮጥ ይመጣል። ያኔ አትቅሩ። ፌብሩዋሪ ላይ በብርድ የመጣ ልጅ አፕሪል ላይ ቋሚ ይሆናል፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ሌላ አገር ክለብ ውስጥ ተመዝግባችሁ የተጫወታችሁ ካላችሁ ደሞ የዝውውር ወረቀቱ በፌዴሬሽኖች በኩል ነው የሚመጣው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ እስከ ኦገስት አትጠብቁ። አሁኑኑ በሰፈራችሁ ያለውን ክለብ የልምምድ ሰአት ጠይቁ፣ ታኬታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ መታወቂያና ፎቶ ያዙ፣ መጀመሪያ ለአሰልጣኙ ከዛ እዛ ለቆመው ለእያንዳንዱ ሰው እጅ እየጨበጣችሁ ሰላም በሉ፣ እዚህ እንደዛ ነው የሚደረገው።