ወፎቹ አልታመሙም፣ ሞቋቸው ነው

እህቴ፣ «ቀትር ላይ ግቢያችን ያሉት ዋኔዎችና ድንቢጦች አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ፈታ አድርገው ይቀመጣሉ፤ በሽታ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ጅማ የካቲት ላይ መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር። አይዞሽ፣ ሞቋቸው ነው።

ወፍ አያልበውም። ሰውነቱ ደግሞ ከእኛ ይሞቃል፤ ጤነኛ ሆኖም ከ40 እስከ 42 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ እንደ ውሻ ያለከልካል። ከአፉና ከጉሮሮው እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞለት ይወጣል። ክንፉን የሚያርቀውም ላባው የሳሳበት ብብቱ ነፋስ እንዲያገኝ ነው።

የሞቀው ወፍ ላባውን ከሰውነቱ ጋር ስለሚያጣብቅ ቀጭን ይመስላል። ጥላ ሲገባ ማለክለኩን ይተዋል። ላባውን ነፍቶ፣ ፈዞ ተቀምጦ፣ ስትጠጊው እንኳ የማይበር ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው። በእጅሽ አትንኪው። ዶሮ የምታረቢ ከሆነ ደግሞ ለእንስሳት ሐኪም ንገሪ።

ዋናው ነገር ውሃ ነው፤ ባለከለኩ ቁጥር ከሰውነታቸው ያልቃል። እኔ መጀመሪያ በባልዲ ሙሉ አስቀመጥኩላቸው። በማግስቱ አንዲት ድንቢጥ ሰጥማ አገኘኋት፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አሁን የምጠቀመው የተሰበረ ጋን ገል ነው። ጎድጎድ ያለ ነው፣ ሸክላ ስለሆነም እግራቸውን አያንሸራትትም። ውሃው ከሁለት ጣት አይበልጥም፣ መሀሉ ላይ መቆሚያ ድንጋይ አለው። ጥላ ውስጥ አድርጊው፣ ግን ከቁጥቋጦ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራቅ፤ ድመት የምታደፍጠው እዚያ ነው። በየጠዋቱ ድፊና ገሉን ፍቂው። አካባቢያችን ወባ አያጣውም፤ የወባ ትንኝ ደግሞ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት ያህል የቆመ ውሃ ትፈልጋለች። በየቀኑ ከተደፋ ጊዜ አታገኝም።

ሲጠጡ ቁጭ ብለሽ እያቸው። ድንቢጥ እንደ ዶሮ ጎንጨት አድርጋ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ዋኔ ግን ምንቃሯን ነክራ ቀና ሳትል ትስበዋለች። በጣም ደስ ይላል።

«አቮካዶው ቅጠሉን እያራገፈ አስቸገረን፣ ልንቆርጠው ነው» ላልሽው ግን፣ እባካችሁ ተዉት። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ወፎቹ የሚጠለሉት እዚያ ነው። እኛ ግቢ ዋንዛው በበጋ የተመለመለ ጊዜ ዋኔዎቹ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተጣበው ነበር የሚውሉት። የግድ ከሆነ ዝናቡ ሲገባ፣ ጎጆ እንደሌለበት አይታችሁ፣ የበዛውን ቅርንጫፍ ብቻ መልምሉት።