ሳትጫኚው እንዳትገዢው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከደሴ፣ ከሳላይሽ ነው የምጽፍልዎ። አዲስ አበባ ሦስት ወር የሸክላ ሥልጠና ወስጄ ተመልሻለሁ። ለካፌዎች ስኒና ኩባያ መሥራት ፈልጌ ነበር። ጭቃው እየዞረ የሚቀረጽበት መንኮራኩር ግን የለኝም። አንድ ደላላ «አዲስ አበባ ያገለገለ የአሜሪካ ዕቃ አለ» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ አዲስ የቻይና ይሻልሻል ባይ ነው። ግራኝ መሆኔም አሳስቦኛል። የቱን ልግዛ? ዘ. ነኝ።

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። መጀመሪያ ግን ልሳቅ። እኔም ድሮ ስፈልግ አንድ ዕቃ መደብር ደውዬ «መንኮራኩር አላችሁ?» ብል፣ ልጁ «እትዬ፣ ጨረቃ ሊሄዱ ነው?» አለኝ። ኤርምያስ ሸክላ ሠሪው ቤት ያየው መንኮራኩር ዛሬ ለሰው ሁሉ የጠፈር ሆኗል። አንቺ ስትጠይቂ «የሸክላ ማሽን» በይ፤ ቶሎ ይገባቸዋል።

የደላላውን ዕቃ ጀርባ አይተሻል? ሞተሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ቮልቱ የተጻፈው እሷ ላይ ነው። የአሜሪካ ከሆነ 110 ወይም 120 ይላል። የኛ ግድግዳ 220 ነው። ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከአገር የሚወጣ ሰው የተወው ዕቃ ነው ተብዬ ገዛሁ። አይሱዙ ላይ አስጭኜ ኮምቦልቻ አስገባሁት። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቡና ተፈልቶ ሶኬቱን ሰካሁ። ሁለት ዙር ዞረ። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ እጣኑን ዋጠው። ቦርዱ ነዷል። ሻጩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ አያነሳም። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አለ፤ አቅሙ ከማሽኑ ዋት ከፍ ያለ ይሁን። ዋጋውንም ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምሪው።

ቮልቱ ከተስማማሽ ሄደሽ እዪው። ቪዲዮ አይበቃም፤ ባዶውን ሲሽከረከር የማያምር ማሽን የለም። ሦስት አራት ኪሎ የታሸ ጭቃ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ሳህኑ፣ ማለትም የሚዞረው ክብ፣ መሃል ላይ አጣብቂው። ፔዳሉን በጣም ቀስ አድርገሽ እርገጪ። ከዚያ ክርንሽን ጭንሽ ላይ ደግፈሽ በሁለት እጅሽ ተጫኚው። ጭቃ መሃል የሚገባው ተገፍቶ ነው፤ ማሽን የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ካቃሰተ ወይም ከቆመ ጭቃሽን ይዘሽ ውጪ። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ቀጥሎ እርሳስ አውጪ። ጫፉን ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ያዢና አዙሪው። ክፍተቱ አንዴ ሰፋ፣ አንዴ ጠበብ ካለ ወይ ዘንጉ ጎብጧል ወይ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታና ቺንጋ ይለወጣሉ፤ ዋጋ ማስቀነሻ አድርጊያቸው። የጎበጠ ዘንግ ግን ይቅርብሽ።

የወንድምሽ ሐሳብም ክፉ አይደለም። የቻይናው 220 ተብሎ ይታዘዛል። 350 ዋት ገደማ ያለው ለስኒ ይበቃሻል። እንስራ ልሥራ ካልሽ ያንቀዋል። መለዋወጫው ማን ጋ እንዳለ ሳታውቂ ብር አትቁጠሪ። ዋጋ አልጽፍልሽም፤ መጽሔቱ እስኪታተም ይቀየራል።

ግራኝነትሽ አያስጨንቅሽ። አብዛኛው ማሽን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል፤ ብዙዎቹ ግን መቀየሪያ አላቸው። ደግሞስ ሥልጠናው ላይ በየት በኩል ለመድሽ? እጅሽ የለመደውን አትንኪበት።

እኔ ከቃጠሎው በኋላ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ወፍራም ዘንግ፣ ሁለት የመኪና ኩሽኔታ፣ የቱቦላሬ እግር፣ ከታች 50 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የሲሚንቶ ክብ። የመጀመሪያው ክብ አንድ ጎኑ ከብዶ እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ አፍርሰን ደግመን አፈሰስነው። በእግሬ እየመታሁ ነው የማዞረው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ይቆማል፤ እኔ አልቆምም። ቀኝ ግራም አይልም፣ በፈለግሽው በኩል ትመቺዋለሽ። ጉልበቴ ግን ዘንድሮ ማጉረምረም ጀምሯል።

እናቴ ይህን ሁሉ ብትሰማ ትስቅ ነበር። እሷ ጀበናውንም ምጣዱንም የምትሠራው ያለ መንኮራኩር ነው። ጭቃውን መሬት አስቀምጣ እሷው ትዞረዋለች። ጀበናዋን የሚገዛው ሰው ዘወር ሲል ምን ብሎ እንደሚጠራት አንቺም ታውቂዋለሽ። ተይው።

ስለ እሷ ያነሳሁት ለጭቃው ነው። እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል ትጨምርበታለች። ያንን መንኮራኩር ላይ ብታወጪው መዳፍሽን ይልጠዋል። አንቺ አፈሩን ዘፍዝፈሽ በወንፊት አጥልዪ። ለስኒ ደግሞ ግሌዝ፣ ማለትም እሳት ላይ ቀልጦ እንደ መስታወት የሚሸፍነው ቅብ፣ ያስፈልግሻል። እሱ ብዙውን ጊዜ ከ1000 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል፤ በኩበት እሳት አይሆንም። ምድጃ እንዳለሽ አልነገርሽኝም። ከሌለሽ ብርሽን ሁሉ መንኮራኩሩ ላይ እንዳትጨርሺ።

አሁን ለደላላው ደውዪና የሰሌዳዋን ፎቶ አስልኪው። 120 ካለና ትራንስፎርመሩን ከዋጋው ላይ አልቀንስም ካለሽ፣ ለአዲስ አበባ መንገድ የትራንስፖርት ብር አታውጪ።