ባለሥልጣናትን አለማመን ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ፍርድ ቤቱን፣ ምርጫ አስፈጻሚውን፣ ዜና ማሰራጫውን ማመን አቅቶኛል። በሰንበት ትምህርት ቤት አብሮኝ ያደገ ወንድሜም የሌላው ፓርቲ ደጋፊ በመሆኑ ሰላምታ ካቋረጥን ቆይተናል፤ ሁለታችንም ግን እናስቀድሳለን። ባለሥልጣናትን አለማመኔ ኃጢአት ነው? ለማላምናቸው ሰዎች መጸለይስ ግብዝነት አይሆንብኝም?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በአጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ባለሥልጣንን አለማመን በራሱ ኃጢአት አይደለም። መዝሙር 145 (በሌላው አቆጣጠር 146) ማዳን በማይችሉ አለቆች አትታመኑ ይላል። ኃጢአት የሚሆነው ሳያጣሩ መፍረድ ነው። ዘጸአት 23 ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል፣ ለክፋት ብዙዎችን አትከተል ካለ በኋላ፣ ለድሀም ቢሆን በፍርድ አታድላ ብሎ ይጨምራል። ለተበደለው ወገን ማዘን እንኳ ፍርድን ለማጣመም ፈቃድ አይሰጥም ማለት ነው።

ራስዎን የሚፈትኑበት ቀላል መንገድ አለ። ያናደደዎትን ውሳኔ ይውሰዱና የፓርቲዎቹን ስም ያቀያይሩ። ውሳኔው ለእርስዎ ወገን ቢሆን ኖሮ «ትክክለኛ ፍርድ» ይሉት ነበር? እንዲያ ከሆነ የጎደለው የፍርድ ቤቱ ሐቅ ብቻ አይደለም። ዘዳግም 25 በከረጢት ውስጥ ታላቅና ታናሽ ሚዛን አይኑርህ የሚለው ለነጋዴ ብቻ አይደለም።

ስለ መከፋፈል ብዙ ሰው የሚያልፈው ምዕራፍ ኢያሱ 22 ነው። ሮቤል፣ ጋድና የምናሴ ነገድ እኩሌታ ወደ ርስታቸው ሲመለሱ በዮርዳኖስ አጠገብ ትልቅ መሠዊያ ሠሩ። ወሬው ሲሰማ ሌሎቹ ነገዶች «ከዱ» ብለው ሊወጓቸው በሴሎ ተሰበሰቡ። ነገር ግን ጦሩ ከመነሣቱ በፊት ካህኑ ፊንሐስንና ከየነገዱ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው 10 አለቆችን ላኩ። ፊንሐስ ለዘብተኛ ሰው እንዳይመስልዎት፤ በዘኍልቍ 25 ጦር በእጁ ይዞ በደለኞቹን የወጋው እርሱ ነው። የሄዱትም ክሳቸውን ሳይሸፍኑ ፊት ለፊት ተናገሩ፤ አያይዘውም «ምድራችሁ ረክሳ እንደ ሆነ ወደ እኛ ተሻገሩ፣ በመካከላችን ርስት ውሰዱ» አሉ። ከራሳቸው መሬት ሊያካፍሉ ተዘጋጅተው ነበር። መልሱን ሲሰሙ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ መሠዊያው የተሠራው ለመሥዋዕት ሳይሆን የወንዝ ማዶ ልጆች ወደፊት «በእግዚአብሔር ዕድል የላችሁም» እንዳይባሉ ምስክር እንዲሆን ነው።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። መልእክተኞቹ እውነቱን ሰምተው ዝም አላሉም፤ ተመልሰው ለራሳቸው ወገን ተናገሩ፣ የጦርነቱም ወሬ የተቋረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም የሚከብደው ይኸኛው ክፍል ነው። ሐሰት ሆኖ የተገኘ ዜና አስተላልፈው ከነበረ ማጥፋቱ አይበቃም፤ ባሠራጩበት ቦታ፣ ለዚያው ሰሚ «ያልኩት ስሕተት ነበር» ብለው ያርሙ። ከማስተላለፍዎ በፊት ደግሞ ማን እንዳየው፣ መቼ እንደ ሆነ፣ ሙሉው ንግግር ምን እንደሚል ይጠይቁ። ለሦስቱ መልስ ካጡ አያስተላልፉት። ዘዳግም 19 ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጽና ይላል፤ አንድን ወሬ 100 ሰው ቢቀባበለው ምስክሩ አሁንም አንድ ነው።

ተቋሙ በእውነት አጥፍቶ ከሆነስ? ያኔ ዝምታም ስድብም መፍትሔ አይሆንም። በሐዋርያት ሥራ 6 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻቸው በዕለቱ እርዳታ ቸል መባላቸውን ተናገሩ። ሐዋርያት «አጕረምራሚዎች» ብለው አላሳፈሯቸውም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎችን ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ አቤቱታ ወዳቀረበው ወገን ያዘነበለ ምርጫ ይመስላል። ቅዱስ ጳውሎስም የእርዳታውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ላከ (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። እነዚህ ሰዎች ቅዱሳን ሆነው ሳለ ቁጥጥርን አልናቁም። ስለዚህ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ አመኔታ የሚመለስበት መንገድ ነው። የደብሩ ሰበካ ጉባኤም ከዚህ ውጭ አይደለም፤ ሒሳቡን ለምእመናን የማያሳውቅ ደብር ስለ መንግሥት ሙስና ቢያስተምር የሚሰማው አያገኝም።

በደል ከደረሰብዎት ጳውሎስ ያደረገውን ያድርጉ። በፊልጵስዩስ ሳይፈረድበት ስለተደበደበ ገዦቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ። ሮማዊው ገዥ ፊልክስ ጉቦ ጠብቆ ሁለት ዓመት በእስር ሲያቆየው ጉቦ አልሰጠም፤ ቀጥሎ በመጣው ፊስጦስ ፊት ደግሞ ይግባኙን ወደ ቄሣር አቀረበ። መዋቅሩ መበስበሱን እያየ የሕጉን መንገድ አልተወም። ለእርስዎም፦ አቤቱታዎን በጽሑፍ ያድርጉ፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ይያዙ፣ የይግባኙ ቀን እንዳያልፍብዎ ይጠንቀቁ። ብዙ እውነተኛ አቤቱታ የሚወድቀው ቀኑ በማለፉ ነው፤ ያኔ «ፍትሕ የለም» ማለት ቀላል ይሆናል።

ስለ ጸሎቱ፣ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ጸልዩ የሚለው 1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ክርስቲያኖችን ባልወደደ መንግሥት ሥር የተጻፈ ነው። ጸሎት የድጋፍ ፊርማ አይደለም። እውነቱን እንዲያዩ፣ ጉቦን እንዲጠሉ፣ ከክፉ ሥራቸው እንዲመለሱ መለመንም ስለ እነርሱ መጸለይ ነው፤ ስለዚህ ግብዝነት አይሆንብዎትም። ግብዝነት የሚሆነው በአፍ ጸልዮ በልብ መጥፋታቸውን መመኘት ነው።

ወንድምዎን በተመለከተ ሳይዘገይ መጀመር አለበት። ዲያቆኑ በቅዳሴ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ) ሲል ሁለታችሁም ቆማችሁ ትሰማላችሁ፤ ማቴዎስ 5 ደግሞ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። ከ12ቱ ሐዋርያት መካከል በሮም ሥር ለነበረው አገዛዝ ቀረጥ የሚሰበስበው ማቴዎስና ቀናተኛ የተባለው፣ ብዙዎች ከሮም ተቃዋሚዎች የሚቆጥሩት ስምዖን አብረው እንደነበሩ አይርሱ። በስልክ መልእክት ወይም በሰው ፊት አይጀምሩት፤ ለብቻ ይገናኙ። ስለ ፓርቲው ሳይሆን ስለ ራስዎ ጥፋት ይጀምሩ፦ «እንዲህ ብዬህ ነበር፣ ይቅር በለኝ»። እምቢ ካለ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘው ይመለሱ። ካልሆነም ለንስሐ አባትዎ ያሳውቁ። የሚናዘዙት ቂሙን፣ ስድቡንና ያስተላለፉትን ሐሰት ነው፤ ለማን ድምፅ እንደሰጡ የመናገር ግዴታ የለብዎትም።